ሃይኩ ቤታ 5 በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ፦ በአማርኛ ለሚሠራ ሰው የት ድረስ ይሄዳል?

የሄርማታ መምህር

ውድ ተሳታፊዎች፣

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካበቃ ወዲህ፣ ለዊንዶውስ 11 የሚጠየቀው ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ቺፕ የሌላቸው አሮጌ ላፕቶፖች ምን ይደረጉ የሚለው ጥያቄ እዚህ ጅማ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ሳይቀር ይነሣል። አብዛኛው ሰው ሊኑክስ ጫን ይላል፤ ምክሩም ትክክል ነው። እኔ ግን 4 ጊጋባይት ራም ባለው ላፕቶፔ ላይ ብዙም የማይወራለትን ሃይኩ የተባለ ስርዓተ ክወና መሞከር መረጥኩ። ያየሁትን፣ በተለይም በአማርኛ ለሚሠራ ሰው ምን እንደሚሰጥና የት ላይ እንደሚያስቆመው፣ እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

ሃይኩ የሊኑክስ ዘር አይደለም። መነሻው ቢ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የሠራው ቢኦኤስ ነው። ኩባንያው ንብረቱን እ.ኤ.አ. በ2001 በ11 ሚሊዮን ዶላር ለፓልም ሲሸጥ ቢኦኤስም አብሮ አበቃለት፤ ወዳጆቹ ግን በዚያው ዓመት ተሰባስበው ኮዱን ከባዶ እንደገና መጻፍ ጀመሩ። መጀመሪያ ኦፕንቢኦኤስ ይሉት ነበር፤ ሃይኩ የተባለው በ2004 ነው። የመጀመሪያው አልፋ የተባለ የሙከራ እትም እ.ኤ.አ. በ2009፣ የመጀመሪያው ቤታ በ2018፣ እኔ የሞከርኩት ቤታ 5 ደግሞ በ2024 ወጣ። ከ20 ዓመት በላይ ተደክሞበት ዛሬም ቤታ መባሉ አንዳንዱን ያስቀዋል፤ እኔ ግን ያላለቀውን አልቋል ብሎ ከሚሸጥልኝ ይልቅ አላለቀም የሚለኝን አምናለሁ።

ለመሞከር ሃርድ ዲስኩን መንካት አያስፈልግም። አይኤስኦ የሚባለው የማስጫኛ ፋይል ፍላሽ ላይ ይጻፋል፤ የሃይኩ ማስነሻ ፊርማ ስለሌለው፣ ያልተፈረመ ስርዓት እንዳይነሣ የሚከለክለው ሴኪዩር ቡት ይጠፋል፤ ከዚያ ላፕቶፑን ከፍላሹ ማስነሣት ነው። ሲነሣ በስክሪኑ መካከል ሰባት ትንንሽ ምስሎች በየተራ ይበራሉ፤ የመጨረሻዋ ሮኬት ስትበራ ወዲያው ዴስክቶፑ ይመጣል። ዊንዶውስ እያለ ሻይ አፍልቼ እመለስበት የነበረ ላፕቶፕ አሁን ወንበሬን ሳላስተካክል ዝግጁ ይሆናል። ስክሪኑ በሙሉ ጥራቱ ታየ፤ ድምፁና ታችፓዱም ያለ ምንም ማስተካከያ ሠሩ። ዋይፋዩ ግን አልሠራም። የሃይኩ የዋይፋይ ድራይቨሮች ከሌሎች ስርዓተ ክወናዎች፣ ከፍሪቢኤስዲና ከኦፕንቢኤስዲ፣ የመጡ ስለሆኑ፣ እነዚያ የማያውቁትን ካርድ ሃይኩም አያውቀውም። ስልኬን በዩኤስቢ ገመድ አገናኝቼ ዳታውን ሳጋራ ግን ያለ ችግር ተቀበለኝ፤ በዋይፋይ የሚቸገር ሰው ይህን መንገድ አስቀድሞ ይሞክር። ከዚህ የባሰው ጉድለት ክዳኑ ሲዘጋ ላፕቶፑ የማይተኛ መሆኑ ነው። ሃይኩ ማሽኑን ማስተኛት ገና አይችልም፤ ከክፍል ወደ ክፍል ለሚዘዋወር መምህር ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ልቤን የወሰደው የፋይል አያያዙ ነው። ቢኤፍኤስ በተባለው የፋይል ስርዓት ማንኛውም ፋይል ከይዘቱ ውጪ የራሱን መግለጫዎች ሊሸከም ይችላል። ለተማሪዎቼ የቤት ሥራ ፋይሎች ክፍል፣ ሴክሽን፣ የተረከብኩበት ቀንና ውጤት የሚሉ መግለጫዎች አበጀሁላቸው፤ ትራከር የሚባለው የፋይል መስኮት እነዚህን በዓምድ ደርድሮ ያሳየኛል፣ እዚያው ላይም አርማቸዋለሁ። ከዚያ በአንድ ሴክሽን ውስጥ ውጤታቸው ከግማሽ በታች የሆኑትን ብቻ አምጣ ስለው ከየፎልደሩ ለቅሞ ያመጣቸዋል፤ የአንዱን ውጤት ሳስተካክል ደግሞ ያ ፋይል ዓይኔ እያየ ከዝርዝሩ ይወጣል። አንድ ነገር ልብ ይባል፤ ፍለጋው እንዲሠራ ለመግለጫው ኢንዴክስ፣ ማለትም የፍለጋ ማውጫ፣ መክፈት ያስፈልጋል፣ ኢንዴክሱም ከተከፈተ በኋላ የተጻፉትን ፋይሎች ብቻ ነው የሚያውቀው። ይህን የፋይል ስርዓት ለቢኦኤስ ከነደፉት አንዱ የሆነው ዶሚኒክ ጃምፓውሎ በኋላ አፕል ገብቶ በስፖትላይት ፍለጋ ላይ መሥራቱ አላስገረመኝም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አማርኛ ማንበብ ችግር የለበትም። ሃይኩ ከጥንቱ ጀምሮ ጽሑፍን በዩኒኮድ የሚይዝ ስለሆነ፣ የግዕዝ ፊደል ያለበት ፎንት እስካለ ድረስ የፋይል ስምም ሆነ ደብዳቤ በትክክል ይታያል። ሊብረ ኦፊስም ከፕሮግራም ማውረጃው ከሃይኩ ዴፖ ወርዶ ይጫናል። መጻፍ ግን አልቻልኩም። በኪቦርድ ምርጫዎቹ ውስጥ አማርኛ አላገኘሁም፤ በስልኬ እየጻፍኩ በኢሜይል ወደ ላፕቶፑ መላክ ደግሞ ለአንድ ማስታወቂያ እንጂ ለፈተና ዝግጅት አይሆንም። በዚህ ላይ መፍትሔ ያገኘ ወይም እንዴት እንደሚበጅ የሚያውቅ ሰው ካለ እንዲያስረዳኝ እጠይቃለሁ።

ከአጂፕ

መምህር፣ ዝርዝሩን በጥሞና አነበብኩት። ነገር ግን በአክብሮት ልቃወምዎት። ያንኑ ላፕቶፕ ከሊኑክስ ስርጭቶች ሉቡንቱን ወይም ዴቢያንን ከቀላል ዴስክቶፕ ጋር ቢጭኑበት ክዳኑ ሲዘጋ ይተኛልዎታል፣ ዋይፋዩም ምናልባት ይሠራል፤ አማርኛውን በተመለከተ ኪማን የተባለው የኪቦርድ ፕሮግራም የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽንን የአማርኛ ኪቦርድ ይዞ በሊኑክስ ላይ ስለሚሠራ ከዊንዶውስ የመጣ ሰው ብዙ ሳይቸገር ይለምደዋል። ያለቀ መንገድ እያለ ያላለቀውን መምረጥ ለሙከራ ካልሆነ ለሥራ አይመከርም።

ሁለተኛው ስጋቴ ደኅንነት ነው። ሃይኩ የአንድ ተጠቃሚ ስርዓት ነው፤ ሲነሣ የይለፍ ቃል አይጠይቅም፣ የሚከፈተው ፕሮግራም ሁሉም በሙሉ ሥልጣን ይሠራል። የተማሪ ውጤት ያለበት ላፕቶፕ በመምህራን ክፍል ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ይህ ነገር ሊታሰብበት ይገባል።

የሄርማታ መምህር

ስለ ደኅንነቱ ያሉት ልክ ነው፤ የስክሪን ማቆያው ላይ የይለፍ ቃል ማድረግ ቢቻልም ማሽኑን አጥፍቶ የሚያስነሣውን ሰው አይከለክልም። የውጤት ፋይሎቹን የማኖረው በራሴ ፍላሽ ነው። ሊኑክስን በተመለከተም አልከራከርዎትም፤ ትምህርት ቤት የማውለው ሌላው ማሽን ዴቢያን ነው። የእኔ ጥያቄ ከሁለቱ የቱ ይሻላል የሚል አይደለም፤ ሃይኩ ላይ አማርኛ እንዲጻፍ ምን ይጎድላል የሚል ነው።

ቆጪ

ሰላም ለሁላችሁም። መምህር የጻፉትን አንብቤ ዛሬውኑ ሞከርኩት። የእኔው አራተኛው ምስል ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ ወደፊትም ወደኋላም አይልም። ፍላሹ ተበላሽቶ ይሆን?

ቂጦ ፉርዲሳ

ቆጪ ወንድሜ፣ እነዚያ ምስሎች ለጌጥ የተቀመጡ አይደሉም፤ እያንዳንዱ አንድ የማስነሻ ደረጃን ያሳያል። አራተኛው የዲስክ ምስል ነው፤ እዚያ ላይ መቆሙ ከርነሉ፣ ማለትም የስርዓቱ እምብርት፣ ተነሥቶ ነገር ግን ስርዓቱ ያለበትን ዲስክ፣ ማለትም ፍላሽህን፣ ማግኘት አቅቶታል ማለት ነው። ፍላሹ ደኅና ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ሌላ የዩኤስቢ ቀዳዳ ላይ ሰክተህ ሞክር፤ ዩኤስቢ 3 ላይ ከሆነ ወደ ዩኤስቢ 2 አዙረው። ያም ካልሆነ ሲነሣ የስፔስ ቁልፍን ደጋግመህ ንካ፤ በአሮጌው ባዮስ ከሆነ ሺፍትን ይዘህ ጠብቅ። የማስነሻ ምናሌ ይመጣልሃል፤ እዚያ ውስጥ የማረሚያ መልእክቶችን ስክሪን ላይ እንዲያሳይ የሚያዝ አማራጭ አለ። የሚያቆመውን የመጨረሻ ገጽ በስልክ ፎቶ አንሥተህ እዚህ ለጥፈው። ስክሪኑ ነጭ ሆኖ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ከተሞላና ትእዛዝ የሚጠብቅ ከመሰለህም አትደንግጥ፤ የከርነሉ ማረሚያ ነው፣ ከፍላሽ ስለምትሞክር ሃርድ ዲስክህ ላይ የሚጎዳ ነገር የለም።

ቆጪ

ቀዳዳውን ስቀይረው ሮኬቷ ድረስ ሄደ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

መርካቶ ኮፒ ቤት

እኔ የጽሕፈትና የኮፒ ሥራ ላይ ያለሁ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ ጉዳዩን ከደንበኛ አንጻር አየዋለሁ። ወደ እኛ የሚመጣው ፋይል ሁሉ በዩኒኮድ የተጻፈ አይደለም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊትም ሆነ ለብዙ ዓመታት ከዚያ በኋላ በቪዥዋል ግዕዝና በመሰሎቹ የተጻፉ ውሎች፣ የዕድር ደንቦችና የመመረቂያ ጽሑፎች ዛሬም በፍላሽ ይመጡልናል። እነዚያን ፋይሎች ያንኑ ፎንት ሳይጭኑ የከፈቷቸው እንደሆነ የሚታየው የላቲን ፊደልና የምልክት ዝባዝንኬ ነው። ሃይኩም ይሁን ሊኑክስ ይህን አይለውጠውም፤ ፎንቱ ተጭኖ መታየት፣ ወይም ጽሑፉ ወደ ዩኒኮድ መቀየር አለበት። ስለዚህ መምህር «ማንበብ ችግር የለበትም» ያሉትን «በዩኒኮድ የተጻፈውን» ብለው ቢያነቡልኝ ደስ ይለኛል።

ሌላው፣ መምህር ያመሰገኑት የፋይል መግለጫ ፋይሉ በተለመደው የፋት ፎርማት ወደተሠራ ፍላሽ ሲገለበጥ አብሮት አይሄድም። ይህን ከአንድ ደንበኛዬ ጋር አብረን ስንሞክር አረጋግጠናል፤ ይዘቱ ተላለፈ፣ መግለጫው ቀረ። የውጤት ፋይሎቹን በፍላሽ አኖራለሁ ስላሉ ነው ይህን የማነሣው።

ቂጦ ፉርዲሳ

ኮፒ ቤት ያነሡት ነጥብ ትልቅ ነው። ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ፍላሹን ራሱን በቢኤፍኤስ ፎርማት ማድረግ ነው፤ ችግሩ ዊንዶውስ አያነበውም። ሁለተኛው በሃይኩ ውስጥ ፋይሎቹን በዚፕ ጠቅልሎ መገልበጥ ነው፤ የሃይኩ ዚፕ መግለጫዎቹን አብሮ ያሽጋል፣ ሃይኩ ላይ ሲፈታም ይመልሳቸዋል። መምህር ሁለተኛውን ቢጠቀሙ ይሻላል።

ፈረንጅ አራዳ

እኔ በቢሮ ሥራዬ ከአማርኛ ይልቅ አፋን ኦሮሞ እጽፋለሁ። ይህን ክር ካየሁ በኋላ ከወንድሜ ላፕቶፕ ላይ ሞከርኩት፤ ቁቤ በላቲን ፊደል ስለሆነ ሃይኩ ላይ በመጀመሪያው ሰዓት ሪፖርቴን ጀምሬ ጨረስኩ። በአንድ ከተማ፣ በአንድ ቢሮ ውስጥ አንዱ ሠራተኛ ያለ ችግር ሲጽፍ ሌላው እጁን አጣጥፎ መቀመጡ ትንሽ አስቆጨኝ፤ ለዚህም ነው የመምህር ጥያቄ መልስ እንዲያገኝ የምፈልገው።

ጥያቄም አለኝ። የወንድሜ ላፕቶፕ ባትሪው የሞተ ነው፤ ቻርጀሩ ላይ ተሰክቶ ብቻ ይሠራል። ክረምት ላይ መብራት እንዴት እንደሚጠፋ ታውቃላችሁ። መብራት በሄደ ቁጥር ሃይኩ ይበላሻል?

ቂጦ ፉርዲሳ

እህቴ፣ ቢኤፍኤስ ጆርናል አለው፤ ማለትም በፎልደሮችና በፋይል መዝገቦች ላይ የሚያደርገውን ለውጥ አስቀድሞ በማስታወሻ ይይዛል። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ያንን ማስታወሻ አይቶ የተጀመረውን ይጨርሳል ወይም ይተወዋል፤ የዲስኩ አወቃቀር ሳይናጋ ይቆያል። ጆርናሉ የሚጠብቀው ግን አወቃቀሩን እንጂ በመጻፍ ላይ የነበረውን ዓረፍተ ነገር አይደለም፤ ያልተቀመጠው ይጠፋል።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ ሌላ ጥሩ ነገር አለ። ሃይኩ ውስጥ የሚጫን ፕሮግራም ፋይሎቹ በየቦታው አይበተኑም፤ ጥቅሉ እንደታሸገ ይቀመጥና እንዲነበብ ብቻ ተደርጎ ይገጠማል። አንድ ማሻሻያ ስርዓቱን ካበላሸው፣ ከማስነሻ ምናሌው ከማሻሻያው በፊት የነበረውን ሁኔታ መርጦ መነሣት ይቻላል። ጭነት መሀል ላይ መብራት ለሚሄድበት ሰው ይህ ከጆርናሉ ያላነሰ ዋጋ አለው።

ከአጂፕ

ይህን የመመለስ ነገር አላውቅም ነበር። በዚህ በኩል ከብዙ የሊኑክስ ስርጭቶች ይቀድማል፤ እቀበላለሁ። አማርኛውስ?

ቂጦ ፉርዲሳ

ወደ አማርኛው እመጣለሁ፤ ረዘም ይላልና ታገሡኝ።

ብዙ ሰው የሚያስበው አንድ የኪቦርድ ካርታ ጽፈን ብንጨምር ያልቃል ብሎ ነው። አያልቅም። በሃይኩ ካርታ ውስጥ አንድ ቁልፍ ብቻውን ሲነካ፣ ከሺፍት፣ ከካፕስ ሎክ፣ ከኦፕሽን፣ ከኮንትሮልና ከመሰል ጥምረቶች ጋር ሲነካ የሚሰጠው ፊደል ይመዘገባል፤ በጠቅላላው ዘጠኝ ሁኔታዎች አሉ። ዋናዎቹ ፊደሎቻችን 33 በ7 ሲባዙ 231 ናቸው፤ ዲቃሎቹ፣ ቁጥሮቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ገና አልተቆጠሩም። በወረቀት ላይ ቢደለደሉ ይበቃሉ፤ ነገር ግን «ጴጥሮስ» ብሎ ለመጻፍ ለእያንዳንዱ ፊደል ሦስት ጣት አጣምሮ የሚጫን ሰው አይገኝም።

ሁለተኛው ሐሳብ፣ የፈረንሳይኛን ምልክቶች ለመጻፍ የሚያገለግለውን የቁልፍ ማጣመር ዘዴ ለአናባቢ መጠቀም ነው፤ መጀመሪያ የአናባቢውን ቁልፍ፣ ቀጥሎ ተነባቢውን መንካት። ይህም አይሳካም። ካርታው የሚፈቅደው አምስት ምልክቶችን ብቻ ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ምልክት የተመደበው ቦታም 16 ጥንድ ብቻ ነው። ለ33 ተነባቢዎች ግማሹም አይሞላ። ከዚያ በላይ ደግሞ አናባቢን አስቀድሞ መጻፍ ከልማዳችን ጋር ይጋጫል።

ትክክለኛው ቦታ ግቤት የሚቀበለው አገልግሎት ነው። ከኪቦርድና ከማውስ የሚመጣው ነገር ሁሉ ወደ ፕሮግራሞች ከመድረሱ በፊት በዚያ በኩል ያልፋል፤ አገልግሎቱም ሦስት ዓይነት ተጨማሪዎችን ይቀበላል። አንደኛው የመሣሪያ፣ ሁለተኛው የማጣሪያ፣ ሦስተኛው የግቤት ዘዴ ነው። እንደ ጃፓንኛ ላሉ ቋንቋዎች የሚሠራው ሦስተኛው ነው፤ እኛ ግን ከብዙ አማራጮች መካከል አንዱን የሚያስመርጥ መስኮት ስለማያስፈልገን በማጣሪያው መጀመር የሚቻል ይመስለኛል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ የ«ል»ን ቁልፍ ሲነኩ ማጣሪያው «ል»ን ይልካል፤ ቀጥሎ አናባቢ ከተነካ የመደምሰሻ ምልክት ልኮ በቦታው «ለ»ን ወይም «ሉ»ን ይተካል። ፊደላችን እንደ ዐረብኛ ከጎረቤቱ ጋር እየተቀጣጠለ ቅርጹን ስለማይለዋውጥ፣ የሃይኩ የጽሑፍ አሳያይ በዚህ በኩል ምንም አይጎድለውም። የተወሳሰበ አጻጻፍ ባላቸው ቋንቋዎች ላይ ያለበት ድክመት እኛን ሳይነካን ያልፋል።

ኮዱ በሲ ፕላስ ፕላስ ይጻፋል። አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ማጣሪያው ስሕተት ካለበት ኪቦርዱም ማውሱም አብረው ሊቆሙ ስለሚችሉ፣ በኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር በሚያስመስለው በቨርቹዋል ቦክስ ውስጥ እንጂ በሚሠራበት ማሽን ላይ መሞከር የለበትም። እኔ የፊደል ሰንጠረዡን ማዘጋጀት ጀምሬአለሁ፤ የፊደሎቹን አመዳደብ በተመለከተ ግን ከፕሮግራም ጸሐፊ ይልቅ ሲጽፍ የሚውል ሰው ቢወስን ይሻላል።

መርካቶ ኮፒ ቤት

እንግዲያው እኔ ልናገር። አንደኛ፣ «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ»፣ «ሰ» እና «ሠ»፣ «አ» እና «ዐ»፣ «ጸ» እና «ፀ» እያንዳንዳቸው የየራሳቸው መንገድ ይኑራቸው። አንዳንድ ኪቦርድ ሠሪዎች ድምፃቸው አንድ ነው ብለው ያደባልቋቸዋል፤ የቤተ ክህነት ጽሑፍ ይዞልኝ የሚመጣ ደንበኛ ግን «ሥላሴ»ን በ«ስ» ጽፌ ብሰጠው አይቀበለኝም። ሁለተኛ፣ ከዊንዶውስ የለመድነውን የድምፅ አመዳደብ አትለውጡብን፤ ጣት የለመደውን ማስረሳት አዲስ ከማስተማር ይከብዳል። ሦስተኛ፣ አራት ነጥብና ነጠላ ሰረዝ ያለ ሺፍት በአንድ ጣት የሚነኩ ይሁኑ።

ከአጂፕ

ሦስተኛው ላይ አልስማማም። ነጠላ ሰረዙና ነጥቡ በግዕዝ ከተተኩ አስርዮሽ ቁጥርና የኢሜይል አድራሻ ስጽፍ በየጊዜው ወደ እንግሊዝኛ መመለስ ሊኖርብኝ ነው።

ቂጦ ፉርዲሳ

ሁለታችሁንም የሚያስማማ መንገድ አለ። ማጣሪያው ከነጥቡ በፊት ምን እንደተጻፈ ያውቃል። ከፊቱ የግዕዝ ፊደል ካለ «።»፣ ቁጥር ወይም የላቲን ፊደል ካለ ተራውን ነጥብ ይስጥ፤ ነጠላ ሰረዙም እንደዚሁ። ማጣሪያው የሚያስታውሰው ግን በቁልፍ የተጻፈውን ብቻ ነው፤ ማውስ ተጠቅሞ ጠቋሚውን ወደ ሌላ ቦታ የወሰደ ሰው ያልጠበቀውን ነጥብ ሊያገኝ ይችላል። ለዚያ ደግሞ ነጥቡን ሁለት ጊዜ ሲነኩት ወደ ሌላው ዓይነት እንዲቀየር አደርገዋለሁ።

የሄርማታ መምህር

ይህ ለእኔ ይስማማኛል። ሰንጠረዡ ሲደርስ ቨርቹዋል ቦክስ በትምህርት ቤቱ ማሽን ላይ ስላለ እዚያ እሞክርልሃለሁ። ለሙከራ የምጽፈው የሥነ ሕይወት ጥያቄዎችን ነው፤ ቁጥር፣ የላቲን ስያሜና አማርኛ በአንድ መስመር የሚቀላቀሉበት ስለሆነ ማጣሪያው የት እንደሚሳሳት ቶሎ ይታያል። ዲቃሎቹን፣ በተለይ «ቋ»ን፣ «ኳ»ን እና «ጓ»ን፣ አስቀድመህ ብታስገባቸው ጥሩ ነው፤ «ጓንት» የሚለው ቃል ከመጀመሪያው ጥያቄ ጀምሮ አለ።